የቧንቧው ወገን

ፓምፑ ከቆመ እነሆ ሰባት ሳምንት ሞላ፣
ጀሪካን ተሰልፎ ከቀበሌው አጥር፣ ከዋርካው በኋላ፤
ከሰልፉ መሐል ዕቃ እንጂ ሰው የለም፣
ሰው ደክሞት ሄዷል፤ ላስቲክ አይደክምም።

ስብሰባ ተጠራ በቀበሌው አዳራሽ፣
ግማሹ ባለ ቆብ፣ ግማሹ ባለ ሻሽ።
ሊቀ መንበር አራጋው ጉሮሮ ጠረገና
«ዱዓ ይደረግ» አለ፤ ጸሎት ቀጠለና
አንድ ሰዓት ነጎደ፤ አጀንዳው አልተነሣም ገና።

ኮሚቴ ሊመረጥ ወንበር ተቆጠረ፤
ሁለቱ ለመስጊድ፣ ሁለቱ ለደብር ተሰፈረ፤
አምስተኛው ወንበር፣ አንድ እግሩ የተሰበረ፣
ባለቤት አላገኘም፤ ጥግ እንደቆመ ቀረ።

እጄን አወጣሁ። «ስም?» አለ ጸሐፊው።
«ጌትዬ እንድሪስ» አልኩት። ብዕሩን ነከሰው።
ባባቴ የሼህ ዘር፣ በናቴ የደብተራ ነኝ፣
ሁለቱም ወገኖች ፈገግ ብለው አዩኝ።
«ለየትኛው ወገን ነው የምትናገረው?»
«ለቧንቧው» አልኩ እኔ። አዳራሹን ሳቅ ጣለው።

ቀልድ መሰላቸው። ቀልድስ አልነበረም።
መሐንዲስ አይደለሁም፣ ፈላስፋም አይደለሁም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ያወቅሁት ይኽንን፦
ውሃ ሰፈርህን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁልቁለቱን።
«ጎማው ነው ያለቀው» አልኩ፣ «ክብ ጎማ፣ ከመዳፍ የሚያንስ፣
ከኮምቦልቻ ሰኞ ቢጫን ማክሰኞ የሚደርስ።»
«እሺ» አለ አራጋው፣ «ሐሳቡ ተይዟል፤
ግን ጎማ ከመግዛት ንስሐ ይቀድማል።»

ከዚያ እሳቸው ተነሡ፣ ከዞን የመጡቱ፣
ዓርብ ኮፍያ፣ እሑድ ነጠላ የሚቀያይሩቱ።
ድርቁ ፈተና ነው፣ ዝገቱም ፈተና፣
መብራት ሲጠፋ ፈተና፣ ደሞዝ ሲዘገይም ፈተና፤
ይኼ ሁሉ ፈተና ሲበዛ አራሚው የት ጠፋና?
«በጀቱስ የት ደረሰ?» ብላ ትርንጎ ስትጠይቅ ከበር፣
«በፈጣሪ እጅ ነው» አሏት። ደረሰኝ ግን አልነበር።
ሼህ አደምና ቄስ መርሻ ጎን ለጎን አንገት ደፉ፤
በነሱ ስም ነው የሚነገደው፣ እነሱ አይደሉም ያተረፉ።

ጸሎት ጠላቴ አይደለም።
እናቴ ማታ ማታ ስትመርቀኝ «አሜን» እላለሁ፤
ሰማዩ ባዶ ቢመስለኝም የሷን ድምፅ እሰማለሁ።
የዒድ ጎረቤት ነኝ፣ የገና ጎረቤት፣
ማንም አላባረረኝ ከሐዘን ድንኳን፣ ከሠርግ ቤት።
ግን ቅጹ ላይ ስደርስ፣ «ሃይማኖት» ካለው መስመር፣
ሁለት ሣጥን ብቻ፤ ሦስተኛ የለም ለቁጥር፤
ባዶ ብተወው ጸሐፊው ስለኔ ይሞላዋል፤
ይለኛል፦ «ያላመነን ሰው ማን ያምነዋል?»

ጎማውን ገዛሁ፤ ዋጋውን ከደሞዜ ነው ያነሣሁት፤
ጦሳ ጉም በለበሰበት ሌሊት ሄጄ ፓምፑን ፈታሁት።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ ግራሶው ክንዴ ድረስ፣
አሮጌውን አወጣሁት፣ እንደ በሰበሰ ቆዳ የሚበጣጠስ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦው ሳለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ከዚያ ዝገት ተፋ። ከዚያ ውሃ። ራሰ ጉልበቴ።

ሲነጋ ጀሪካኑ ሁሉ ተነሣ፤ ባለቤቱ ደረሰ፤
«ጸሎታችን ተሰማ!» «ዱዓችን ደረሰ!»
ከዞን መኪና መጣ፤ ሪባን ተበጠሰ።
እኔ ከሰልፉ ጫፍ ቆምኩ፤ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት፤
ትርንጎ ጥቁር ጥፍሬን አይታ ዝም አለች፤ ዓይኗ ላይ ትዝብት።

ቤት ስገባ እናቴ «እጅህን ታጠብ» አለችኝ፤
በማንቆርቆሪያ አዲሱን ውሃ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችልኝ።
«ተመስገን» አለች፣ ወደ ላይ እያየች።
ግራሶው አልለቅ አለ።
«አሜን» አልኳት።